ዳገቱ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር

ወይ መውደድ! ሰው እንደ ሰው «ወድጄሻለሁ» ብሎ ቢገላገል ምን ነበረበት? መሬት ቀያሹ ግን የሚያወራው ስለ ደረጃ ነው። ስለ ድንጋይ ደረጃ፣ ስለ ሲሚንቶ ደረጃ፣ ዝናብ ሲመታው ስለሚያንሸራትት ደረጃ። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ትሰማዋለች፤ እየሰማችም ግራ ይገባታል። ይሄ ሰውዬ የሚወደው ደረጃውን ነው ወይስ እኔን?

የማተሚያ ቤቱ ሰዎች «ቀለሜ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ተማሪ ቤት ሳለች ነው፣ ደብተር ላይ ተደፍታ ስለምትውል። አድጋ አጎቷ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቀለም መራጭ ስትሆን ጭራሽ ተጣበቀባት። አጎቷ እንደ ልጁ ያሳደጋት ሰው ነው። ክፋት የለበትም፤ ቸኩሎ የተወለደ ነው ብንል ይቀላል።

ቀያሹን ወደዚያ ያመጣው የእናቱ ጉዳይ ነው። እናቱ ዳገቱ ሥር ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናቸው። ዳገቱ ላይ መኪና አይወጣም። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በደረጃና በቅያስ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። አሁን ጡረታ ሊወጡ ነው። የምትተካቸው ልጅ ደግሞ ከሌላ ከተማ የምትመጣ ናት፤ ከጤና ጣቢያው በር ወጥታ በየት በኩል እንደምትታጠፍ እንኳን አታውቅም። ስለዚህ የእግር መንገዱን ሁሉ የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ካርታ አስፈለገ።

መንገዱን የመዘገበው ልጃቸው ነው። ከሥራ ሲወጣ ስልኩን ይዞ እያንዳንዷን ደረጃ ወጥቶ ወርዶ፣ ኢንተርኔት ላይ ባለው ክፍት ካርታ ውስጥ አስገባው። ክፍት ካርታ ማለት ማንም ያየውን የሚጨምርበት፣ ማንም በነጻ የሚወስደው ካርታ ነው። ታዲያ ከዚያ ላይ የሚወርደው ነገር ጥሬውን ነው፤ ባዶ መስመርና ባዶ ነጥብ። እሱን በካርታ ፕሮግራም ከፍቶ ቀለም ማልበስና ለኅትመት እንዲሆን አድርጎ ማውጣት የቀለሜ ሥራ ሆነ።

«ካርታ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አላት በመጀመሪያው ቀን።

«የሠርግ ጥሪ ሠርቼ አውቃለሁ።»

«ያው ነው፤ ሰው በየት በኩል እንደሚመጣ ማሳየት ነው።»

ፋይሉን ከፈተችው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ነገር የመጣለትን ቀለም ያድል ነበርና ቤቶቹ አረንጓዴ፣ ወንዙ ብርቱካናማ፣ ደረጃዎቹ ሮዝ ሆነው ቁጭ አሉ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ካርታ ነው ሹራብ?» አለች።

ቀያሹ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ጥፍት ይላል። ቀለሜ እሱን ስታይ ማውሱ ከእጇ አመለጠ፤ እሱም ሊይዘው፣ እሷም ልትይዘው ሲሉ ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም ይቅርታ ጠየቁ። ከጀርባቸው ወረቀት የምትቆርጠው ጓደኛዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

ከዚያ ወዲያ ቀያሹ ከሥራ በወጣ ቁጥር ይመጣል። ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጥና ያስረዳታል።

«ይኸውልሽ፣ እያንዳንዱ ሌየር እንደ ስስ ወረቀት ነው። ወንዙ አንድ ወረቀት፣ ቤቶቹ አንድ፣ ደረጃዎቹ አንድ። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይሸፍነዋል።»

«እንደ ሰው ሆድ» አለችው።

«ማለት?»

«ምንም።»

እሱም «ምንም» ማለት ምንም እንደሆነ አምኖ ወደ ደረጃው ተመለሰ። እርር ብላ ደረጃዎቹን ቀይ አደረገቻቸው፤ ዳገቱ የተቧጨረ ጉልበት መሰለ። ጥቁር አደረገቻቸው፤ የተሰነጠቀ ሳህን ሆነ።

«ነጭ ይሁኑ» አለ ቀያሹ ቀስ ብሎ። «በበጋ ከታች ሆነሽ ብታዪው ነጭ ነው እኮ። ሰው የረገጠው ሁሉ ይነጣል።»

ከመስመሮቹ ጀርባ ያለውን መደብ ቀድማ አፈርማ አድርጋው ስለነበር ነጩ መስመር ስክሪኑ ላይ ፍክት ብሎ ወጣ። ከጤና ጣቢያው በር ተነስቶ፣ በትንንሾቹ ድልድዮች ወንዙን ተሻግሮ፣ ቤት ለቤት ሽቅብ ይሄዳል። ሁለቱም ጠጋ ብለው አዩት። ክርኗ ክርኑን ነክቶ ነበርና ማናቸውም ማንሳት አልፈለጉም።

«ሰፈራችንን ለምን መጥተሽ አታዪውም?» አላት።

«ይሄን ሁሉ ዳገት? ማረፊያ ከሌለው አልሞክረውም።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ መንገዱ ከትልቁ ዛፍ ሥር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አሳረፈች። «ልክ እዚህ ጋ ስደርስ ልቤ ትቆማለች።»

«እዚያ ጋ መቀመጫ የለም።»

«እንግዲያው አንድ መቀመጫ ነጥብ አስቀምጥልኝ፤ ምን ችግር አለው?»

ኮስተር አለ። «ያላየሁትን አላስገባም። አንዱ ተነስቶ የሌለ ምንጭ አስገብቶ ቢሆንስ? ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ሲንከራተት ይውላል። በዚህ ካርታ ላይ ያለ ነገር መሬት ላይ መኖር አለበት።»

እሷ የምትቀልደው እሱ ሕግ ያወራል። አይ ቀለሜ፣ አለች ለራሷ፣ ምን ዓይነቱን ግንድ ነው የወደድሽው?

አጎቷ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የመጣው በሌላ ቀን ነው። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ክር? ዋና ዋናውን አስቀሩና ሌላውን ጥረጉት። ካርታ የሚያምረው ሲጸዳ ነው።»

«ጋሼ፣ ሥራው የተፈለገው ለዚሁ ለእግር መንገዱ ነው እኮ።»

«እኔ ከማተሚያ ጋር ነው ያረጀሁት። ጥረጊው አልኩሽ።»

ቀለሜ ክርክሩን ለመገላገል «እሺ ጋሼ፣ አየዋለሁ» አለችው። ልትነካው አላሰበችም፤ አጎቷን የምትሸኘው እንደዚያ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ቀያሹ ግን የቤቱን ጠባይ አያውቅም። ቃሉን ሰማ፣ ኮቱን አነሳ፣ ቶሎ ወጣ። ለምን እንደወጣ አልገባትም።

ለጥቂት ቀን ጠፋ። ሲመለስ መዳፉ ተልጧል፣ አውራ ጣቱ በፕላስተር ታስሯል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«መዶሻ ነው። ቤት ውስጥ ሥራ ነበረብኝ።» ጠረጴዛውን እያየ ነው የሚመልስላት። «መረጃውን እንደ አዲስ አውርጂው፤ የጨመርኩት ነገር አለ።»

አወረደችው። ዳገቱ መሃል ላይ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ ገና ቀለም ያልመረጠችላት አንዲት ወይን ጠጅ ነጥብ ብቅ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አግዳሚ ወንበር።»

«አንተ የለም አላልከኝም እንዴ?»

«አሁን አለ» አለና ጆሮው ቀላ።

ቀለሜ እንግዲህ ማዘጋጃ ቤት አስተክሎት ይሆናል ብላ አሰበች። ሲመስላት! ለነጥቧ የወንበር ምልክት ሰጠቻትና ወደ ሌላው አለፈች። ቀያሹ ትንሽ ጠበቃት። አንድ ነገር እንድትል የጠበቀ ይመስል ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ።

«ካርታው ታትሞ ሲያልቅ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«አሁን ብትነግረኝስ?»

«ሲያልቅ» አለና ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ሊሰናበተኝ ነው? ሌላ ሥራ ሊያዘኝ ነው? ወይስ ስለ አዲስ ደረጃ ሊያወራኝ ነው? ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮባት እንዲሉ፣ በማግስቱ የጥርስ ሕመም ያዛት። ጉንጯ እንደ ዳቦ አበጠ። በዚያው ቀን አጎቷ ከማሽኑ በኩል ጮኸ፤ «ማሽኑ አሁን ነጻ ነው! አውጪው! ምን ትጠብቂያለሽ?»

በግራ እጇ ጉንጯን ደግፋ፣ በቀኟ ካርታውን ለኅትመት የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫነች። ገጹን ከፍታ አላየችውም። የሙከራ ኅትመትም አላወጣችም። ፋይሉን ለማሽኑ ላከችና ወደ ሐኪም ሮጠች፤ ጥርሷ ተነቅሎ ቤቷ ተኛች።

እብጠቱ ጎደል ብሎላት ስትመለስ ካርታው ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ ሄዷል።

«ቀያሹ ነው የወሰደው?» አለች እየተቁነጠነጠች።

ወረቀት ቆራጯ ጓደኛዋ ዓይኗን ሰበረች። «እሱ ነው። ዘረጋው። አየው፣ አየው… ከዚያ ጠቀለለው። ይዞት ወጣ።»

«ስለ እኔ አልጠየቀም?»

«ኧረ ምንም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።»

ደወለችለት፤ አያነሳም። መልእክት ላከች፤ መልስ የለም። የምነግርሽ ነገር አለኝ ያለው ሰው ውሃ እንደበላው ጠፋ። ቆራጯ ግምቷን በየቀኑ ትቀያይራለች። ዛሬ «ሌላ አለችው» ትላለች፣ ነገ «አፍሮ ነው፣ ወንድ ልጅ ሲወድ ይሸሻል» ትላለች፣ ከነገ ወዲያ «ጥርስሽ መነቀሉን ሰምቶ ይሆናል» ብላ ትስቃለች። ቀለሜ ግን መሳቅ አልቻለችም። እሁድም አለቀሰች፣ ሰኞም አለቀሰች። ናፍቃዋለች፤ ስለ ደረጃ ሲያወራ እንኳን ናፍቃዋለች።

በሳምንቱ አዋላጇ ራሳቸው መጡ። ቦርሳቸው በአንድ ትከሻቸው፣ የተጠቀለለ ካርታ በብብታቸው ነው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ። መንገዱ የታለ?»

«የቱ መንገድ እማማ?»

ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ቀለሜ ክው አለች። ዋናው አስፋልት አለ፣ ወንዙ አለ፣ ዛፎቹ አሉ። ዳገቱ ላይ ግን ቤቶቹ እንደ ተደፋ ባቄላ ተበትነዋል፤ ወደ አንዳቸውም የሚወስድ መንገድ የለም። አንዲት የወንበር ምልክት ብቻዋን ባዶው መሃል ተቀምጣለች።

«እኔ አልነካሁትም!» አለች። «በፈጠረኝ አልነካሁትም!»

«ልጄ ግን የሰማው ሌላ ነው። አጎትሽ ‹ጥረጊው አልኳት፣ ጠረገችው፣ የእኔ ልጅ ምክር ትሰማለች› ብለውታል።»

ከማሽኑ ጀርባ ኮቴ ተሰማ። አጎትየው ነው፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርጋል። «እኔ እኮ… ንጹህ ሆኖ ሳየው ምክሬን የሰማች መስሎኝ ነው» አለ። ጎበዝ ብሎ ሊያመሰግናት ነበር ሐሳቡ፤ አሁን ግን መግቢያ ጠፋው።

አዋላጇ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «መንገድ ሥራ ላይ ሩቅ አገር ሊቀጥሩት ጠርተውት ነበር። ‹አልሄድም፣ እዚህ ጉዳይ አለኝ› ብሎ መልሷቸው ነበር። ካርታውን ያየ ቀን ‹እሺ› አላቸው። ነገ ነው የሚሄደው። ጉዳዩ ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እናት ግን ይነገራታል እንዴ?»

ነገ! ቀለሜ ወደ ኮምፒውተሯ ተንደርድራ ፋይሉን ከፈተችው። ደረጃዎቹ አሉ! ነጭ ሆነው፣ ፍክት ብለው፣ ሁሉም አሉ።

«ይኸው እማማ! አሉ እኮ!»

አዋላጇ ስክሪኑን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ደግመው ስክሪኑን አዩ። «እዚህ አለ፣ እዚህ የለም። እኔ መንታ ነው ተብሎ አንድ ሲወጣ ብቻ ነው እንዲህ ግራ የሚገባኝ።»

ቀለሜ ራሷም ግራ ገብቷታል። ሌየሩን አጠፋች፣ አበራች፤ አለ። ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አየችው፣ ገልብጣ አየችው፤ የለም። ልትተወው ስትል ዓይኗ ወንዙ ላይ አረፈ። ሰማያዊው መስመር እዚህም እዚያም በቀጭኑ ተቆርጧል። ወንዝ አይቆረጥም። ጣቷን ወደ ዛፎቹ ወሰደች፤ አረንጓዴውንም ነጭ መስመር ሰንጥቆታል፤ ከአረንጓዴው ሲወጣ ይጠፋል። የተቆረጠበት ቦታ ድልድዮቹ ናቸው። የተሰነጠቀው የዛፉ ሥር ቅያስ ነው።

«አልጠፋም» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ጮኸች። «አልጠፋም! ነጭ በነጭ ላይ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ አፈርማ መደብ ካርታው ውስጥ ያለ ሌየር አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ስክሪኑ ላይ የሚከፍተው መስኮት ጀርባ ነበር፣ ለዓይን ደስ እንዲል ብላ ያቀለመችው። ለኅትመት ሲወጣ የመስኮቱ ጀርባ አብሮ አይወጣም። ነጩ መንገድ ነጭ ወረቀት ላይ ወረደና ተዋጠ። ደረጃዎቹ ሁሉ እዚያው ናቸው፤ የሚያሳያቸው መሬት አጡ እንጂ።

ከደረጃዎቹ ሥር አንድ አፈርማ ሌየር አነጠፈች። እንደ አዲስ አወጣችው፤ አሁን ግን ገጹን ከፍታ፣ አንድ በአንድ አየችው። አጎቷ ሳይጠየቅ የተሰለፈውን ሥራ አስቁሞ አንድ ቅጂ አተመላት።

«በይ ሂጂ» አላት፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ። «ለእሱም… ሽማግሌው ተሳስቷል በይልኝ።»

«እማማ፣ ይውሰዱኝ!» አለች ቀለሜ።

አዋላጇ ስልካቸውን እያዩ ቦርሳቸውን አነሱ። «እኔን ጠርተውኛል፤ ምጥ ነው፣ እሱ አይጠብቅም። ቤታችን ከላይኛው ደረጃ ጫፍ፣ ሰማያዊ በር ነው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ካርታው አለሽ አይደል? ልክ ከሆነ ታገኚዋለሽ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች ቀለሜ፣ ወጣች። ከጤና ጣቢያው በር በግራ፣ በትንሹ ድልድይ፣ የቆርቆሮ አጥሩን ታክኮ ሽቅብ። እያንዳንዱን ደረጃ ስክሪን ላይ አቅልማዋለች፤ እግሯ ግን አንዱንም አያውቀውም ነበር። ካርታው በቃ ሲል ደረጃው ያበቃል፣ ታጠፊ ሲል ይታጠፋል። የልብስ ሳሙና ሽታ፣ ከየመስኮቱ የሬዲዮ ድምፅ፣ በደረጃው ዳር ተደርድረው አረፍ ያሉ የውሃ ጀሪካኖች። የሚነግራትን አልተለማመደችም። ይቅርታ ልትለው ነው? ልትቆጣው ነው? አንድ ጊዜ አይጠይቀኝም ነበር? ትንፋሿ ተቆረጠ፣ ልቧ ጎኗን ይደበድበው ጀመር፣ ቀና ስትል ትልቁ ዛፍ ሥር ደርሳለች።

አግዳሚ ወንበሩ እዚያ አለ።

የማዘጋጃ ቤት ሥራ አይደለም። አንዱ እግሩ ትንሽ አጥሮ ከሥሩ ድንጋይ ተደርጎለታል። እንጨቱ ገና ይሸታል፤ የምስማሮቹ ራስ ወዲያና ወዲህ ተጣሟል፣ መዶሻ በማያውቅ ሰው እጅ የተመታ መሆኑ ያስታውቃል። ቀለሜ የተላጠውን መዳፍ አስታወሰች። በፕላስተር የታሰረውን አውራ ጣት አስታወሰች። ያላየሁትን አላስገባም ያለውን ሰውዬ አስታወሰች፤ መሬት ላይ የሌለውን ካርታ ላይ ማስቀመጥ እንቢ ስላለው መጀመሪያ መሬት ላይ ሠርቶት ነው ያስገባው። እሷ ደግሞ ምልክት ሰጥታው አለፈች!

«አይ እኔ!» አለች። ተቀመጠችና አለቀሰች፣ ሳቀችም።

ከላይ ኮቴ መጣ። ቀያሹ ነው፤ ካርቶን ተሸክሞ ይወርዳል። ሲያያት ባለበት ቀረ።

ቀለሜ ብድግ አለች። የምትለው ሁሉ በአንድ ላይ ወጣ። «ጀርባው ነው! የመስኮቱ ጀርባ እኮ ነው፣ የካርታው አይደለም! አልጠረግኩትም፣ ጋሼን ‹አየዋለሁ› የምለው ዝም እንዲል ነው። ወንዙን እየው፣ ድልድዮቹ ጋ ተቆርጧል፣ ነጭ በነጭ ሆኖ ነው፣ ጥርሴን አሞኝ ነበር፣ እወድሃለሁ፣ ገጹን ከፍቼ ሳላየው ላክሁት…»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ቀያሹ። ካርቶኑን አስቀመጠው። «ከጥርሱ በኋላ ምን አልሽ?»

«ገጹን ከፍቼ አላየሁትም።»

«ከእሱ በፊት።»

ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም። አዲሱን ካርታ ዘርግታ በሁለት እጇ ፊቷ ላይ ያዘችው። ቀያሹ ቀረብ ብሎ አየው። ጣቱ ከጤና ጣቢያው ተነስቶ ነጩን መንገድ ተከትሎ ወጣ፣ ወጣና ትንሿ የወንበር ምልክት ላይ ቆመ፤ ከወረቀቱ ማዶ የእሷ ጣት ነበር።

«የምነግርሽ ነገር አለኝ ያልኩሽ ይሄን ነው» አለ። «ነጥቧን ስታዪ ይገባሻል ብዬ ነበር።»

«በነጥብ ነው እንዴ ሴት ልጅ የሚነገራት? አፍ የለህም?»

«ወድጄሻለሁ» አለ ቀያሹ። «ከሹራቡ ቀን ጀምሮ። የጠረግሽው ሲመስለኝ የዳገቱን መንገድ ብቻ አልመሰለኝም፤ እኔን የጠረግሽኝ ነው የመሰለኝ። መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ነገ ትሄዳለህ?»

ስልኩን አወጣ። ለሰዎቹ መጀመሪያ አልመጣም፣ ቀጥሎ እመጣለሁ ብሏቸዋል፤ አሁን ደግሞ አልመጣም ሊላቸው ነው። ሲደውል የሰደቡት ስድብ እሷ ድረስ ተሰማ። እሱ ግን «እሺ፣ ልክ ናችሁ፣ እሺ» እያለ ዓይኑ ጥፍት እስኪል ይስቅ ነበር። ከዚያ ተቀመጡ። አግዳሚው ወደ አጭሩ እግር ዘመም ስላለ እሷ ወደ እሱ ተንሸራተተች፤ አልተመለሰችም።

አመሻሹ ላይ ከታች አዋላጇ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ዳገቱን ሲወጡ አገኟቸው። ከካርቶኑ ወደ ካርታው፣ ከካርታው ወደ ሁለቱ አዩ።

«ምን ተገኘ እማዬ?» አለ ቀያሹ ተነስቶ።

«ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው።» ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡና ወገባቸውን ያዙ። «ይሄን ዳገት ይሄን ሁሉ ዘመን ወጥቼዋለሁ። እናትህ ደከማት ብሎ መቀመጫ የሠራልኝ ግን የለም።»

ቀያሹ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቀለሜ ወደ ዳር ሸሸች።

«በሉ እስቲ ጠጋ በሉልኝ» አሉ አዋላጇ፣ መሃላቸው እየተቀመጡ።